የኋላው በር መግለጫ

ለማያውቅ አንባቢ አሟልቶ የሚጽፍ ሰው የሚያውቀውን ሁሉ ከልቡ አውጥቶ ገጹ ላይ ያሰፍራል። ሥራው የቀና ከሆነ ይህ ያስመሰግነዋል፤ ለተንኮል የጻፈ እንደ ሆነ ግን ጽሑፉ ራሱ ይመሰክርበታል። በአንድ የመድኃኒት ማከማቻ የተፈጸመው ወንጀል ለዚህ በቂ ማስረጃ ነው።

ነገሩ የታወቀው ሠራተኞች ከምሳ ሲመለሱ ነበር።

የማከማቻው ኃላፊ ጡረታቸው የተቃረበ አዛውንት ናቸው። ወገባቸው ላይ የሚንቃጨል የቁልፍ ዘለላ ስለማይለያቸው ሁሉም "ጋሼ ቁልፉ" ይሏቸዋል። የቀዝቃዛውን ክፍል በር ከፈቱ። መብራቱን አበሩ። ከዚያም ባሉበት ደርቀው ቀሩ።

መደርደሪያዎቹ ባዶ ነበሩ።

ጠዋት እዚያ ክፍል ውስጥ፣ ሲቆስሉ ደማቸው በቀላሉ የማይረጋላቸው ሕፃናት የሚወጉት መድኃኒት እስከ ጣሪያው ተደርድሮ ነበር። የከተማው ሕፃናት ድርሻ በሙሉ እርሱ ነው። አሁን የቀረው የጋሪ ጎማ በወለሉ ላይ የተወው እርጥብ መስመር ብቻ ነው።

ጋሼ ቁልፉ ግድግዳው ላይ ወዳለው ድምፅ ማጉያ ዞሩ።

"ታዛዥ! ዕቃው የት ገባ?"

ታዛዥ ሰው አይደለም። ማከማቻውን የሚያስተዳድር የሰው ሠራሽ አስተውሎት ወኪል፣ ማለትም ታዝዞ በራሱ የሚሠራ ፕሮግራም ነው፤ ስሙን ያወጡለት ሠራተኞቹ ናቸው። እንደ ልማዱ በትሕትና መለሰ።

"የክፍሉ ሙቀት ከተፈቀደው በላይ ሆኖ ስለተገኘ መድኃኒቱ እንደ ተበላሸ ተቆጥሮ ለማስወገጃው መኪና ተላልፏል። ተግባሩ በሚገባ ተጠናቅቋል።"

"ማንን አስፈቅደህ?"

"የማስወገጃው መሣሪያ መግለጫ ማስፈቀድ አያስፈልግም ይላል።"

ጋሼ ቁልፉ በሩ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጡ።

ጉዳዩን የያዘችው በዕድሜዋ ገፋ ያለች መርማሪ ነበረች። በፖሊስ ጣቢያው "እትዬ ለምን" የሚል ቅጽል ወጥቶላታል፤ ምክንያቱን ሳታገኝ ማንንም አታምንምና። ምክንያቱን ካገኘች በኋላም ቶሎ አታምንም።

በመጀመሪያ የሄደችው ወደ መግለጫ ክፍሉ ኃላፊ ነው። በማከማቻው ለታዛዥ መግለጫ የሚጽፉትን ሁሉ ያሠለጠነ እርሱ በመሆኑ "መምህሩ" ይባላል። ቢሮው ንጹሕ ነው። እርሳሶቹ በቁመታቸው ልክ ተደርድረዋል። ጥግ ላይ መጻሕፍት የታጨቁባቸው ካርቶኖች አሉ።

"ሊዛወሩ ነው?" አለች መርማሪዋ ካርቶኖቹን በዓይኗ እያመለከተች።

"ዕረፍት አስበውልኛል።" ፈገግ አለ። ፈገግታው ዓይኑ ዘንድ አልደረሰም።

"እንግዲህ ስለዚህ ታዛዥ ስለምትሉት ያስረዱኝ። ምንም እንደማያውቅ ሰው።"

"ጥሩ አድርገው ጠየቁ። ሙያችንም ይኸው ነው።" ወንበሩ ላይ ተስተካክሎ ተቀመጠ። "ታዛዥ ዓይንም እጅም የለውም። ያለው መሣሪያ ነው። አንዱ መሣሪያ በር ይከፍታል፤ አንዱ ሙቀት ይለካል፤ ሌላው የተበላሸ ዕቃ በራሱ በሚሄድ ጋሪ አስወጥቶ ያስወግዳል፤ ሌላው ሰው ይጠራል። እኛ ደግሞ ለእያንዳንዱ መግለጫ እንጽፋለን። ምን እንደሚሠራ፣ መቼ እንደሚነሣ፣ መቼ እንደማይነካ፣ እምቢ ሲል ምን እንደሚደረግ። ታዛዥ ያነበበውን ያምናል። ያልተጻፈለትን አያውቅም።"

"ያልተጻፈለት ነገር ቢገጥመውስ?"

"ሥራውን አቁሞ ሰው ይጠራል። እንደዚያ ነው ያስለመድነው።"

"የማስወገጃውን መግለጫ ማን ጻፈው?"

መምህሩ አንገቱን ደፋ። "ልጄ ናት።"

"ልጅዎ?"

"የሥጋ አይደለችም፤ ያስተማርኳት ናት። ትክክለኛውን መግለጫ የጻፈችውም እርሷ ነበረች። አሁን ደግሞ የተለወጠው በእርሷ ስም ነው ሲሉኝ ማመን አቃተኝ።"

"የተለወጠውን አንብበውታል?"

"አላነበብኩትም። 'አስፈቅድ' የሚለው መውጣቱን ብቻ ነገሩኝ። ከዚያ በላይ ለማየት አንጀቴ አልቻለም።"

"ቀዝቃዛው ክፍልስ መቼ ገቡ?"

"እኔ? ጉልበቴ ብርድ አይችልም፣ እትዬ። ከገባሁ ዓመት አልፎኛል።"

መርማሪዋ አመስግና ወጣች። ሳይጠየቅ ይህን ያህል የሚያዝን ሰው አይጥማትም። ይሁን እንጂ ስላልጣማት ብቻ ማስረጃ አይሆንም።

መግለጫ ጸሐፊዋን ያገኘቻት በቤቷ ነው። እናቷ በጠና ስለታመሙ ፈቃድ ወስዳ ከአልጋቸው አጠገብ ከርማለች። ንግግሩ በዝግታ ነበር፤ በሽተኛዋ ከመጋረጃው በስተጀርባ ተኝተዋልና።

"ለውጡ በስምሽ ነው።"

"እኔ አልጻፍኩትም።"

"በይለፍ ቃልሽ ነው የተገባው። ለማን ሰጠሽው?"

"ለማንም።"

መልሱ ፈጠነ። ጣቶቿ የነጠላዋን ጫፍ ይጠቀልላሉ፤ ይፈታሉ፤ እንደገና ይጠቀልላሉ። መርማሪዋ ልጅቱ እንደ ዋሸች አወቀች። ምን ዓይነት ውሸት እንደ ሆነ ግን አላወቀችም። ጥፋተኛም ይዋሻል፤ የሚያፍርም ይዋሻል።

"እዚህ ሆነሽ መጻፍ ትችያለሽ?"

"እችላለሁ።"

"ታዲያ አልጻፍሽም ብዬ ለምን አምንሻለሁ?"

"የማስወገጃውን መግለጫ ስጽፍ የመጀመሪያው መስመር ክልከላ ነበር። 'የመድኃኒት ባለሙያው በቃሉ ሳያረጋግጥ ይህን መሣሪያ አትንካ፤ የተወገደ አይመለስም' ነው የሚለው። እርሱን ለማስተካከል ስንት ጊዜ ቀደድኩ! አሁን እኔው ልሰርዘው?" በእጇ ወደ ጎረቤት ግድግዳ አመለከተች። "የጎረቤታችን ልጅ ያንን መድኃኒት ነው የምትወጋው። ዛሬ እናቷ ከአልጋ አትወርጂም ብላ አስተኝታታለች። እንዳትወድቅ።"

"ማነው ልጄ?" አሉ እናቲቱ ከመጋረጃው በስተጀርባ።

"የሥራ ሰው ናት እማዬ። አሁን ትሄዳለች።"

መርማሪዋ ተነሣች። "ከከተማ እንዳትወጪ።"

"እሷን ትቼ ወዴት እወጣለሁ?"

የነገሩ ክብደት እዚህ ላይ ነበር። ዐቃቤ ሕጉ ክሱን በጸሐፊዋ ላይ ለመመሥረት ብዕሩን አንሥቷል። ከታሠረች እናቷን ከአልጋ ቀና የሚያደርግ ሌላ ሰው የለም።

የማስወገጃው መኪና ሾፌር ሳቂታ ነው። በሳምንት አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ይመጣል፤ የተሰጠውን ጭኖ ወደ ማቃጠያው ይወስዳል።

"ያን ሁሉ መድኃኒት ስትጭን አልገረመህም?"

"እትዬ፣ እኔ የምጭነው ቆሻሻ ነው። ቆሻሻ ሲበዛ የሚገረም ሰው አይተው ያውቃሉ?"

"ለነጋዴ አልሸጥከውም?"

"ሸጬ ቢሆን ይህን ጫማ አደርግ ነበር?" ተረከዙ የተገነጠለውን ጫማ አንሥቶ አሳያት። "ማቃጠያው ድረስ ይሂዱ። አመዱ አፍ ካለው ይመሰክርልኛል።"

ሄደች። አመዱ ውስጥ የቀለጠ ብልቃጥና የጠቆረ ክዳን በአካፋ ይዛቅ ነበር። አብሯት የሄደው የመድኃኒት ባለሙያ ክዳኖቹን አንድ በአንድ አይቶ "እርሱ ነው" አለ። አንድም ካርቶን ወደ ጎን አልወጣም።

መርማሪዋ ከማቃጠያው ስትመለስ መኪናዋን መንገድ ዳር አቁማ ለረጅም ጊዜ አሰበች። ስርቆት ቢሆን ኖሮ ዕቃው አንድ ቦታ ይገኝ ነበር። ዕቃው ግን ነደደ። ከመድኃኒቱ የተጠቀመ የለም። ታዲያ ለምን?

ከመድኃኒቱ ማንም ካልተጠቀመ፣ ከውንጀላው የሚጠቀም አለ ማለት ነው።

የተለወጠውን መግለጫ እንደገና አወጣች። ሙሉውን ያዩት እርሷና ዐቃቤ ሕጉ ብቻ ናቸው። ክልከላው ተሰርዟል። በምትኩ "ሙቀቱ ከፍ ካለ መድኃኒቱ ተበላሽቷል፤ ሳትጠይቅ አስወግድ" ይላል። እስከዚህ ድረስ ማንም ተንኮለኛ ሊጽፈው ይችላል። ቀጥሎ ያለው ግን ቀድሞ ያላስተዋለችው ነው።

"የኋላው በር በመጀመሪያው ትእዛዝ ካልተከፈተ ሰው አትጥራ። ማራገቢያው ጸጥ እስኪል ጠብቅ፤ ከዚያም እንደገና እዘዝ።"

"ለምን ማራገቢያው?" አለች ለራሷ።

መልሱን ፍለጋ ወደ ጋሼ ቁልፉ ሄደች። አዛውንቱ ወደ ቀዝቃዛው ክፍል ይዘዋት ገቡ። ማራገቢያው ጆሮ እስኪያደነቁር ያጓራል።

"አዲስ ነው። ልጅቱ ፈቃድ ከወጣች በኋላ ነው የተከሉት። ልቤን አውልቆታል። በረዶውን ሊያራግፍ አልፎ አልፎ ዝም ሲል ብቻ ነው ነፍሴ መለስ የምትለው።"

"የኋላው በር እንዴት ነው የሚከፈተው?"

"እንዴት ይከፈታል?" ትከሻቸውን አስጠግተው ገፉት። በሩ እያቃሰተ ተከፈተ። "እንዲህ ነው። እኔ ከማሽን ጋር አልነጋገርም።"

"የዚህ ክፍል ቁልፍስ ሁልጊዜ እርስዎ ዘንድ ነው?"

ጋሼ ቁልፉ አፈሩ። ዘለላቸውን በእጃቸው ሸፈን አደረጉ።

"ይኸኛው... በረዶ ነው የሚሆነው፣ ልጄ። ጭኔን ያቃጥለኛል። ምሳ ስወጣ ቢሮዬ በር ጀርባ ምስማር ላይ እሰቅለዋለሁ።"

"ይህን ማን ያውቃል?"

"ማን የማያውቅ አለ!"

 መርማሪዋ በማግስቱ ጠዋት አራቱን ሰዎች በዚያው በር ፊት ሰበሰበቻቸው፤ ጋሼ ቁልፉን፣ ሾፌሩን፣ ጸሐፊዋንና መምህሩን። መምህሩ ጉልበቱን በወፍራም ሻርፕ ጠቅልሎ መጣ። ጸሐፊዋን ሲያይ "አይዞሽ ልጄ" አላት። እርሷ ዓይኗን ከወለሉ አላነሣችም። አንድ ወጣት ፖሊስ ቃል ሊመዘግብ ጥግ ላይ ቆሟል። የተለወጠው መግለጫ ለማስረጃ ተይዞ ከታዛዥ ላይ ተነሥቷል።

"አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቃችሁ" አለች መርማሪዋ በማራገቢያው ጩኸት ላይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። "ይህ በር እንዴት እንደሚከፈት፣ አይቶት ለማያውቅ ሰው ንገሩኝ።"

"ጥሩምባ መንፋት ነው" አለ ሾፌሩ። "አንዱ ከውስጥ ይከፍታል። ካልከፈተ ደግሞ መንፋት።"

"በትከሻ" አሉ ጋሼ ቁልፉ።

"ታዛዥን 'የኋላውን በር ክፈት' ማለት ነው" አለች ጸሐፊዋ። "ወዲያው ይከፈታል።"

መርማሪዋ ወደ ድምፅ ማጉያው ዞረች። "ታዛዥ፣ የኋላውን በር ክፈት።"

የበሩ ሞተር ጮኸ። በሩ ትንሽ ተነቃነቀና ቀረ።

"በሩ አልተከፈተም" አለ ታዛዥ። "ሰው ልጥራ?"

ጸሐፊዋ ክው አለች። "እንደዚህ አያደርግም ነበር!"

"እሺ" አለች መርማሪዋ ለፖሊሱ። "መዝግብ። 'በሩ ተበላሽቷል። በትእዛዝ አይከፈትም።' ለታዛዥም በዚሁ ቃል መግለጫ ይጻፍለት።"

"በዚሁ ቃል?" አለ መምህሩ።

"ምን ነውር አለው? 'ተበላሽቷል፤ አይከፈትም።' አጭርና ግልጽ ነው።"

"ይህ ምኑ ነው ግልጽ?" መምህሩ የተሰደበ ያህል ፊቱ ቀላ። "ላልተበላሸ ነገር ተበላሽቷል ተብሎ ይጻፋል? አንባቢውን ማሳሳት እኮ ነው! ምክንያቱ ይነገረዋል፤ መፍትሔው ይነገረዋል። ማራገቢያው ሲሠራ አየሩ በሩን ወደ ውስጥ ይስባል፤ ሞተሩ አይችለውም። ጸጥ እስኪል ጠብቆ እንደገና ማዘዝ ነው። ይኸው ነው! አንድ መስመር ጨምሮ መጻፍ ለምን እንደሚከብድ..."

ንግግሩን ሳይጨርስ ወደ መርማሪዋ ዞረ።

በዚያው ቅጽበት ማራገቢያው በረዶውን ሊያራግፍ ቆመ። ክፍሉ ጸጥ አለ።

"ታዛዥ፣ የኋላውን በር ክፈት" አለች መርማሪዋ።

በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ።

"ይህን ማን ነገረዎት?" አለችው ወደ መምህሩ ዞራ።

"ከ... ከጽሑፉ ነው ያየሁት።"

"አላነበብኩትም ብለውኛል።"

"እንግዲያው ጋሼ ነግረውኝ ይሆናል።"

"እኔ?" ጋሼ ቁልፉ ደረታቸውን መቱ። "እኔ በትከሻዬ ነው የምገፋው! ማራገቢያ መጠበቅ የሚባል ነገር አሁን ገና ከአፍህ መስማቴ ነው!"

"ቀዝቃዛው ክፍል ከገቡ ዓመት እንዳለፈዎትም ነግረውኛል" አለች መርማሪዋ። "ማራገቢያው ግን የተተከለው በቅርቡ ነው።"

የመምህሩ ፊት አመድ መሰለ። ከሁሉም ቀድማ የተናገረችው ጸሐፊዋ ናት።

"ለእርሳቸው ሰጥቻቸዋለሁ። የይለፍ ቃሌን። ስልክ ደውለው 'እናትሽ ዘንድ ሁኚ፤ አንዲት ስሕተት አለች፤ እኔ ላርምልሽ' አሉኝ። መምህሬ ናቸው። እንዴት እምቢ ልበል?"

"ይህን የዚያን ዕለት ለምን አልነገርሽኝም?"

"አሳልፌ የሰጠኋቸው መሰለኝ።"

"እርሱ አንቺን አሳልፎ ሲሰጥ አልመሰለውም።"

መምህሩ ከዚያ በኋላ አልካደም። ነገሩን እንደ ሙያው በቅደም ተከተል፣ አንድም ሳያስቀር ተናገረ። አስቀድሞ በአንድ የምሳ ሰዓት ቁልፉን ከምስማሩ አንሥቶ በመግባት በባዶ ካርቶን ሞክሮ ነበር። ማራገቢያው እያጓራ በሩ እምቢ አለ፤ ታዛዥም ሰው ልጥራ አለ። ይህ አስደነገጠው። ምክንያቱን እስኪረዳ በብርዱ ውስጥ ቆመ። ከዚያም ታዛዥ ዳግመኛ ሰው እንዳይጠራ ያችን መስመር ጨመረ። ሳይጨምራት ቢቀር ታዛዥ ሰው ይጠራና ተንኮሉ በር ላይ ይቀር ነበር፤ ስለ ጨመራት ደግሞ ተያዘ። በወንጀሉ ዕለትም በዚያው ቁልፍ ከፍቶ፣ ክፍሉ እንዲሞቅ የውስጠኛውን በር ገርበብ አድርጎ ትቶ ከጋሼ ቁልፉ ጋር ምሳ በላ። በመካከል "እጄን ልታጠብ" ብሎ ተነሥቶ በሩን ዘጋና ተመለሰ። ሻይም ጋበዛቸው።

"ለምን?" አለች መርማሪዋ።

"ወንበሬን ሊሰጧት ነበር።" ወደ ጸሐፊዋ አላየም። "አረፍተ ነገር መሥራት ያስተማርኳት እኔ ነኝ። መግለጫዎቿን ሲያነቡ ግን 'ከመምህሩ ትሻላለች' ይላሉ። እፊቴ ነው የሚሉት።"

"ሕፃናቱስ?"

"ምትክ ይመጣል ብዬ ነው።"

"እስኪመጣስ?"

 ስለ ሌላው ሁሉ አሟልቶ ያሰበ ሰው ስለዚህ አላሰበም ነበር።

ምትኩ ዘገየ። ሕፃናቱ ከቤት ሳይወጡ ሰነበቱ። የጸሐፊዋ ጎረቤት ልጅ ከአልጋ ስትወርድ ወደቀች፤ ደሟ ጉልበቷ ውስጥ ፈሰሰ። ዛሬ ያ ጉልበት አይታጠፍም። መምህሩ ብርድ የማይችል ጉልበት እንዳለው ለመርማሪዋ የነገራት በሐሰት ነበር፤ የልጅቱ ጉልበት ግን እውነት ነው።

ጸሐፊዋ ክሱ ሳይመሠረትባት ቀርቶ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። የይለፍ ቃሏን ለሌላ ሰው በመስጠቷና ለፖሊስ በመዋሸቷ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደርሷታል፤ የሚገባትም ነበር። መምህርን ማክበር ጥፋቱን መሸፈን አይደለም። የመጀመሪያ ሥራዋ የቀድሞውን ክልከላ ወደ ቦታው መመለስ ሆነ። የማራገቢያውንም መስመር ከራሷ አንድ ቃል ጨምራበት አስቀመጠችው፤ "ጠብቅ፤ እንደገና እዘዝ፤ አሁንም ካልተከፈተ ሰው ጥራ።" ጋሼ ቁልፉም ምስማሩን በገዛ እጃቸው ነቀሉት። ያቺ ቁልፍ አሁን በጨርቅ ተጠቅልላ ወገባቸው ላይ ትውላለች።

ፍርድ ቤቱ የሕፃኗን ጉዳት ቅጣቱን ለማክበድ ያዘው። መምህሩ ሰባት ዓመት ጽኑ እሥራት ተፈረደበት፤ ከመግለጫ ጸሐፊነትም ለዘለቄታው ታገደ። ይግባኝ ጠይቆ ነበር፤ ውድቅ ተደርጎበታል። አሁን በእሥር ላይ ይገኛል።